ስለ አየር ጦርነት ታሪክ መጻሕፍት አሰባሰብና አመራረጥ

(በተማሪዎች ማኅበር የንባብ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ የንባብ ክፍል ስለ አየር ጦርነት ታሪክ የተጻፉትን መጻሕፍት እንዴት መሰብሰብና መምረጥ እንደሚገባ እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጻሕፍት ስም ዝርዝር ጽፌ ባነብላችሁ ግዴታዬን የምፈጽም መሰለኝ። ዝርዝሩን ስጀምር ግን ችግሩ ታየኝ። በዚህ ጉዳይ የተጻፈው መጽሐፍ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢያነብ የማይጨርሰው ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ሥዕላቸው ያማረ፣ ወረቀታቸው የሚያብረቀርቅ፣ ዋጋቸው ግን የአንድ ተማሪ የወር ቀለብ የሚበላ ናቸው። ስለዚህ ዝርዝሩን ቀድጄ ጣልሁት። በእርሱ ፈንታ አንድ መጽሐፍ እጃችን ሲገባ ልንጠይቀው የሚገባንን አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንደምጠራ አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ጥያቄው ይህ ነው፤ ጸሐፊው ከአውሮፕላኑ ወርዷልን?

አነጋገሩ እንግዳ ስለሚመስል ላስረዳ። እግረኛ ወታደር የያዘውን ኮረብታ በእግሩ ይረግጣል፤ የገደለውንም ያያል። አብራሪ ግን የሠራውን ሥራ ፍጻሜ ብዙ ጊዜ አያይም። በሰዓት 500 ኪሎሜትር እየበረረ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሴኮንድ ተኩሶ፣ ወዲያው ከኋላው ሌላ ጠላት እንዳይመጣበት አንገቱን የሚያዞር ሰው ነው። የመታው አውሮፕላን ጢስ እየተፋ ደመና ውስጥ ሲገባ ያያል፤ ከደመናው በታች ምን እንደደረሰበት አያውቅም። ቦምብ ጣዩም እንዲሁ ከብዙ ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ብልጭታና ጢስ እንጂ ሰው አያይም። እንግዲህ የአየር ጦርነት ወሬ መጀመሪያ የሚመጣልን ነገሩን አጥርቶ ለማየት ካልታደለው ምስክር ነው ማለት ነው። ይህን ስል የአብራሪዎችን ጀግንነት ማቃለሌ አይደለም። ሰውዬው በቅንነት ይናገራል፤ ግን በቅንነት ይሳሳታል። የታሪክ ጸሐፊ ሥራ እዚያው ከአብራሪው ጋር ተቀምጦ መቅረት ሳይሆን፣ ወርዶ በምድር ላይ ያለውን ስብርባሪ፣ በወዲያኛው ወገን መዝገብ ቤት ያለውን ወረቀት፣ በቦምቡ ሥር የነበረውን ሰው መጠየቅ ነው።

አንድ ቀን ልውሰድ። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1940 ጀርመኖች ለንደንን በቀን በትልቅ ጓድ ደበደቡ፤ የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖችም ተነሥተው ገጠሟቸው። በዚያው ማታ የእንግሊዝ መንግሥት 185 የጠላት አውሮፕላን ጣልን ብሎ አስታወቀ። ሕዝቡ ደስ አለው፤ እንግሊዞችም እስከ ዛሬ ያን ቀን እንደ በዓል ያስቡታል። ከጦርነቱ በኋላ ግን የጀርመን አየር ኃይል የራሱን ኪሳራ የመዘገበበት ወረቀት በእንግሊዞች እጅ ገባ። ሲቈጠር የዚያ ቀን ኪሳራ ወደ 60 ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም። አንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በሦስትና በአራት አብራሪዎች ተከታትሎ ይመታል፤ እያንዳንዳቸውም ሲወድቅ ያያሉ፤ ማታ ሲቈጠር ሦስት ወይም አራት ይሆናል። ጀርመኖቹስ? እነርሱ ይብሳሉ። ቸርችል በ1949 ባሳተመው የጦርነቱ ታሪክ ሁለተኛ ቅጽ ላይ የአራቱን ወር ሒሳብ አስቀምጦታል። እንግሊዞች 2,698 ጣልን ሲሉ በእውነት የወደቀው 1,733፤ ጀርመኖች 3,058 ጣልን ሲሉ በእውነት የወደቀው 915 ነበረ። በጦርነቱ ጊዜ መሪ የነበረ ሰው ራሱ ይህን ካሳተመ በኋላ የቀድሞውን ቁጥር ደግሞ የሚጽፍ ደራሲ ሰነፍ ነው ለማለት አልፈራም።

እንግዲህ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ፊት ቆማችሁ፣ በአንድ እጃችሁ መጽሐፉን በሌላው ኪሳችሁን ይዛችሁ ስታመነቱ፣ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ሥዕሉን አላይም። በመጨረሻዎቹ ገጾች ያለውን የስምና የቦታ ማውጫ እከፍታለሁ። የእንግሊዝን አየር ጦርነት የሚናገር ከሆነ ይህን ሴፕቴምበር 15 ቀን ፈልጌ ቁጥሩን አነባለሁ። 185 ብሎ ያለ አንዳች ማስተካከያ ካለፈው መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሁለቱንም ቁጥር ጽፎ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ከተናገረ ዋጋውን መከራከር እጀምራለሁ። ማውጫ የሌለው ከሆነ ደግሞ በጣም ርካሽ ካልሆነ በቀር አልገዛውም። ነጋዴው ምን ያህል እንደሚቆጣ አትጠይቁኝ።

በዚህ ፈተና በጥሩ ሁኔታ ካለፉት አንዱ አልፍሬድ ፕራይስ በ1979 ያሳተመው ስለ አንድ ቀን ብቻ የሚናገር መጽሐፍ ነው። ቀኑ ኦገስት 18 ቀን 1940 ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ብዙ አውሮፕላን የጠፋባቸው ቀን ስለሆነ መጽሐፉን «ከሁሉ የከበደው ቀን» ብሎ ሰየመው። ፕራይስ ራሱ በእንግሊዝ አየር ኃይል ያገለገለ ሰው ነው፤ ነገር ግን የጀርመኖቹን አብራሪዎች ፈልጎ አነጋገረ፤ የሁለቱንም ወገን መዝገብ አስተያየ። አንድን ቀን በሙሉ መጽሐፍ መጻፍ ለአንዳንዱ ሰው ማንዛዛት ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን አራት ወር በ200 ገጽ ከሚያሮጥ መጽሐፍ ይልቅ አንድ ቀን በ200 ገጽ የሚመረምረውን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ነገር የታተመበት ዓመት ነው። ይህን ብዙ ሰው አይመለከተውም። በ1974 ዊንተርቦተም የተባለ የእንግሊዝ መኰንን አንድ መጽሐፍ አወጣ፤ በእርሱም እንግሊዞች የጀርመንን የምስጢር ጽሕፈት ይፈቱ እንደነበር ለሰፊው ሕዝብ ገለጸ። ከዚያ በፊት ይህን የሚያውቅ ሰው ቃለ መሐላ የገባና አፉ የተዘጋ ነበር። ስለዚህ ከ1974 በፊት የታተመ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት መጽሐፍ፣ ደራሲው የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን፣ አንድ አዛዥ ስለ ምን ይህን ወሰነ ለሚለው ጥያቄ ሙሉ መልስ ሊኖረው አይችልም። ፖል ብሪክሂል በ1951 ያሳተመውን የግድብ ሰባሪዎች መጽሐፍ ከእናንተ መካከል ያነበበው ይኖራል። በሜይ 1943 ሌሊት 19 አውሮፕላኖች 133 ሰዎች ይዘው ተነሥተው የጀርመንን የሩር ሸለቆ ግድቦች የሰበሩበትን ታሪክ ይናገራል። ስምንት አውሮፕላኖች አልተመለሱም፤ 53 ሰዎች ሞቱ። መጽሐፉ እንደ ልብ ወለድ ይነበባል፤ እኔም በአንድ ሌሊት ጨረስሁት። ነገር ግን በተጻፈበት ጊዜ በውኃ ላይ እየነጠረ ስለሚሄደው ቦምብ እውነተኛ መልክ መጻፍ ክልክል ነበር። በ1955 የወጣው ፊልም እንኳ ቦምቡን ክብ አድርጎ ነው ያሳየው፤ እውነተኛው እንደ በርሜል ያለና ወደ ኋላ እየተሽከረከረ የሚጣል ነበረ። እንግዲህ ይህን መጽሐፍ ግዙት፤ ወድዳችሁ አንብቡት፤ በጥናት ወረቀታችሁ ላይ ስለ ቦምቡ አሠራር ምስክር አድርጋችሁ አትጥቀሱት። በዚያ ሌሊት ከግድቦቹ በታች ከ1,300 የማያንሱ ሰዎች ሰምጠው ሞተዋል፤ ብዙዎቹም ከሶቪየት ኅብረት ለግዳጅ ሥራ የተጋዙ ሴቶች ነበሩ። የእነርሱን ነገር በአግባቡ ለማወቅ ዘግይተው የወጡትን መጻሕፍት መፈለግ ያስፈልጋል።

አሁን ስለ ራሴ ስሕተት ልንገራችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ጀርመን ከተሞች መደብደብ የሚናገር፣ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መጽሐፍ በርካሽ ገዛሁ። በፌብሩዋሪ 1945 በድሬስደን ከተማ 135,000 ሰው አለቀ ይላል። እኔም በዚሁ ማኅበር የክርክር ምሽት ላይ ተነሥቼ ቁጥሩን ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርሁ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ስንወጣ አንድ መምህራችን ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ማን ቈጠረው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። መጽሐፉን ገለበጥሁት፤ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው አይናገርም።

ፍለጋው ብዙ ሳምንት ፈጀ፤ ያገኘሁትም ይህ ነው። 135,000 የሚለውን ቁጥር በሰፊው ያሰራጨው ዴቪድ ኢርቪንግ በ1963 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። በኋላም የቀን ትእዛዝ ቁጥር 47 የተባለ የጀርመን ሰነድ ቅጂ አገኘሁ ብሎ ቁጥሩን ወደ 202,040 ከፍ አደረገው። የእውነተኛው ሰነድ ቃል ሲገኝ ግን እስከ ማርች 20 ቀን 1945 የተሰበሰበው ሬሳ 20,204 ነው፤ ጠቅላላውም ወደ 25,000 ይደርሳል ተብሎ ይጠበቃል ይላል። ልዩነቱን አስተዋላችሁ? አንድ ሰው በመጨረሻ አንዲት ዜሮ ጨመረ። 20,204 የነበረው 202,040 ሆነ፤ 25,000 የነበረውም 250,000 ሆነ። ኢርቪንግ በ1966 ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ ትክክለኛው ሰነድ መገኘቱን አምኗል፤ ነገር ግን ከፍተኛው ቁጥር ከዚያ በኋላም በመጽሐፉ ቀጠለ። በ2000 በለንደን ፍርድ ቤት በራሱ ክስ ሲረታ ዳኛው የታሪክ ማስረጃ ሆን ብሎ ያጣመመ ሰው መሆኑን በፍርዱ አስፍሮታል። የድሬስደን ከተማ ያቋቋመችው የታሪክ ሊቃውንት ጉባኤም በ2010 ሥራውን ሲጨርስ የሞቱት ቢበዛ 25,000 ናቸው አለ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቼ፣ «25,000 ሰው መግደልስ ያንሳልን?» ይሉኛል። አያንስም። እንዲያውም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እውነተኛው ቁጥር ራሱ ልብ የሚሰብር ሆኖ ሳለ የተነፋ ቁጥር ያስቀመጠ ሰው፣ ነገ ውሸቱ ሲገለጥ እውነተኞቹን ሙታን ጭምር የሚጠራጠር ሰው ያፈራል። ዛሬም በጀርመን የናዚን ወንጀል ለማሳነስ የሚፈልጉ ሰዎች ያችን ዜሮ ይዘው ይዞራሉ። እኔም ለአንድ ምሽት ጭብጨባ ብዬ ተሸክሜያት ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ማርቲን ሚድልብሩክን ያገኘሁት። ይህ ሰው የዩኒቨርሲቲ መምህር አልነበረም፤ ዶሮ አርቢ ነበር። በማርች 1944 መጨረሻ ሌሊት የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ኑረምበርግን ሊደበድቡ ሄደው ከ795 አውሮፕላኖች 95 የጠፉበትን ታሪክ በ1973 ጻፈ፤ በ1980 ደግሞ የሐምቡርግን መቃጠል ጻፈ። የእንግሊዝ አብራሪ ይናገራል፤ ወዲያው ቀጥሎ የጀርመን አዳኝ አብራሪ ይናገራል፤ ከዚያም በምድር ቤት ተደብቃ የነበረች ሴት ትናገራለች። በ1985 ከባልደረባው ጋር ያወጣው የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ጦር የቀን መዝገብ እያንዳንዷን ሌሊት ከነኪሳራዋ የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ነው። የማኅበራችን ገንዘብ ለአንድ የውጭ አገር መጽሐፍ ብቻ የሚበቃ ቢሆን ይህን እላለሁ።

እስከ አሁን ስለ ሌላ አገር ሰማይ ተናገርሁ። ወደ ራሳችን ስንመጣ ግን ያ ፈተናዬ ራሱ ይፈተናል።

በ1935 ኢጣልያ አገራችንን ስትወር በአየር ላይ የሚገጥማት ኃይል አልነበረም። ከእኛ በኩል የነበሩት ጥቂት አሮጌ አውሮፕላኖች መልእክተኛና መድኃኒት ከማመላለስ አላለፉም። ስለዚህ የዚያ ጦርነት የአየር ታሪክ የአንድ ወገን ታሪክ ነው፤ ከላይ ያለው ይጥላል፣ ከታች ያለው ይቀበላል። ከላይ ከነበሩት አንዱ የ19 ዓመቱ ወጣት የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነው፤ በ1937 «በረራ በአምባዎች ላይ» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ በፈረሰኞቻችን መካከል የፈነዳ ቦምብ የአበባ መፍካት ይመስለዋል። የሣር ቤቶች ሲቃጠሉ እንደ አሜሪካ ፊልም ትልቅ ፍንዳታ ባለማየቱ ቅር ይለዋል። ይህ መጽሐፍ አንዳንድ ጊዜ በአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ይገኛል። አንድ ጓደኛዬ፣ «ይህን ገዝቶ በመደርደሪያ ማስቀመጥ ነውር ነው፤ ቢቃጠል ይሻላል» አለኝ። እኔ በፍጹም አልስማማም። በራሱ እጅ በራሱ ላይ የመሰከረ ሰው ቃል ከየትኛውም የክስ ወረቀት ይበልጣል። ግዙት። ነገር ግን ብቻውን አታስቀምጡት።

አጠገቡ መቀመጥ ያለበት በመጀመሪያ የማርሴል ዡኖ መጽሐፍ ነው። ዡኖ የስዊስ ሐኪም ሲሆን የዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ኮሚቴ መልእክተኛ ሆኖ በጦርነቱ ጊዜ እዚህ ነበር፤ በ1945 ሴፕቴምበርም ለሂሮሺማ መድኃኒት ይዞ የደረሰ ሰው ነው። በዲሴምበር 1935 ደሴ ስትደበደብ፣ በዚያው ወር መጨረሻ በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሰፈር ሲመታ፣ በማርች 1936 በቆረም አጠገብ የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ሰፈር ሲመታ፣ በዚያው ጊዜ በእኛ መካከል የነበሩትን የውጭ አገር ሐኪሞች ምስክርነት ከእርሱ ጋር እናገኛለን። ሁለተኛው ከራስ ካሣ ጦር ጋር በሰሜን ግንባር የነበረው ቼካዊው አዶልፍ ፓርለሳክ የጻፈው፣ ተጫነ ጆብሬ መኰንን «የሀበሻ ጀብዱ» ብለው ወደ አማርኛ የመለሱት ነው። ሦስተኛው በሽሬ ግንባር አዛዥ የነበሩት የልዑል ራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው» ነው። እነዚህ ከሥር ሆነው ያዩ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ፈተናዬ ልመለስ። ስለ ድሬስደን ስናገር ወረቀት አፍን አረመ። ስለ መርዝ ጋዝ ግን ነገሩ ተገልብጦ ነው የምናገኘው። በዲሴምበር 1935 መጨረሻ በተከዜ ዳር ኢፕሪት የተባለው መርዝ ከአውሮፕላን ሲወርድ የነበሩ ወታደሮቻችን ያዩትን ተናገሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በጁን 1936 በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ተናገሩ። የኢጣልያ መንግሥት ግን ነገሩን ሲክድና ሲሸፍን ኖረ። አንጀሎ ዴል ቦካ የተባለው የኢጣልያ ጋዜጠኛና የታሪክ ጸሐፊ በ1965 ስለዚህ ጦርነት መጽሐፍ ሲያወጣ ወደዚህ መጥቶ ራስ እምሩን ጭምር ጠይቆ ቃላቸውን መዝግቧል። በአገሩ ሰዎች ዘንድ የተቀበለው ስድብ ነበር። በጦርነቱ በመኰንንነት የነበረው ታላቁ ጋዜጠኛ ሞንታኔሊ፣ «እኔ እዚያ ነበርሁ፤ ጋዝ አላየሁም» እያለ ለብዙ ዓመት ተከራከረው። በኋላ ጆርጆ ሮሻ በ1988፣ ዴል ቦካም ራሱ፣ ከወታደራዊው ቤተ መዛግብት ወረቀቱን አወጡ፤ ሙሶሊኒ በኦክቶበር ለግራዚያኒ፣ በዲሴምበር 1935 ደግሞ ለባዶሊዮ ጋዝ እንዲጠቀሙ የፈቀደባቸው ቴሌግራሞች ታዩ። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስትር ለምክር ቤት ነገሩን ያመነው በ1996 ነው። ሞንታኔሊም ተሳስቻለሁ አለ።

ስልሳ ዓመት። በተከዜ ዳር የተቃጠለው ገበሬ የተናገረው ከመጀመሪያው እውነት ነበረ፤ ወረቀቱ በመዝገብ ቤት ተቈልፎ ስለነበር ግን ቃሉ እንደ ተረት ተቈጠረ። ይህን ካወቅሁ በኋላ «መዝገብ ከሌለው አልቀበልም» የሚለውን የቀድሞ ትምክህቴን ትቻለሁ። አየር ላይ ያለው ሰው የሚያየው ትንሽ ነው፤ መዝገብ ቤቱም የሚያሳየው ቁልፉን የያዘው ሰው የፈቀደውን ነው። ምስክሩ ደግሞ ያየውን ያውቃል፤ ስንት ሰው እንደሞተ ግን አያውቅም። ስለዚህ በእኛ ጦርነት ላይ ስትጽፉ በጋዝ ያለቀውን ሰው ቁጥር በደፈናው የሚያስቀምጥ መጽሐፍ ስታገኙ፣ ለእኛ የሚያደላ ቢሆንም እንኳ፣ የመምህራችንን ጥያቄ ጠይቁት፤ ማን ቈጠረው? ሞንታኔሊን የመሰለ ሰው ነገ ሲነሣ በእጃችን የሚገኘው ቴሌግራሙና የዡኖ ምስክርነት ይሁን እንጂ የተጨመረች ዜሮ አትሁን።

ስለ መጻሕፍቱ አያያዝ ጥቂት ልበልና ወደ መጨረሻው ልሂድ። የአውሮፕላኖችን ዐይነት፣ ክብደትና ፍጥነት የሚዘረዝሩት መጻሕፍት፣ ለምሳሌ በየዓመቱ የሚወጣው የጄን መጽሐፍ፣ ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ማየት ይበቃል፤ ተማሪ ሊገዛቸው አይገባም። ፎቶግራፍ ብቻ የሞላበትን መጽሐፍ በሥዕሉ ሥር ቀንና ቦታ ካልተጻፈ እለፉት። በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የቀድሞ ባለቤት ስም ወይም ማስታወሻ ካለ ግን አትፋቁት። እኔ ከገዛሁት አንዱ ላይ የማላውቀው ሰው በኅዳጉ በእርሳስ፣ «ይህ ስሕተት ነው፤ እኔ ነበርሁ» ብሎ ጽፏል። ከገጹ ኅትመት ይልቅ ያችን እርሳስ ብዙ ጊዜ አስባታለሁ።

የቀረው ትልቁ ነገር በገበያ የማይገኘው ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው በ1929 ነው። በሚቀጥለው ዓመት በማርች በአንቺም ሜዳ በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ በውጭ አገር አብራሪዎች የተነዱ አውሮፕላኖች ወረቀትና ቦምብ ጣሉ። እንግዲህ በኢትዮጵያ መንግሥት አውሮፕላን መጀመሪያ የተመታው የኢትዮጵያ ሰው ነው። ይህን የሚሸሽግ የአየር ኃይላችን ታሪክ ከአውሮፕላኑ ያልወረደ ነው። በ1977 እና በ1978 በኦጋዴን ጦርነት ኤፍ 5 አውሮፕላኖቻችን ከሶማሊያ ሚጎች ጋር ስለገጠሙት ውጊያ ብዙ ይነገራል፤ ብዙ ቁጥርም ይጠራል። ከሴፕቴምበር 15 ቀን የተማርነውን እዚህ ላይ ብናስታውስ መልካም ነው። የሞቃዲሾው መንግሥት በ1991 ሲፈርስ፣ በዚያው ዓመት የእኛም መንግሥት ሲለወጥና የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን፣ የሁለቱም ወገን ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው ወደየቤታቸው፣ ብዙዎቹም ወደ ውጭ አገር ሄደዋል። የእነዚህ ሰዎች የበረራ መዝገብ፣ የመካኒኩ ማስታወሻ ደብተር፣ ከአውሮፕላን ሥር ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ፣ ዛሬ በሣጥንና በአልጋ ሥር ነው። ሰውዬው ሲያርፍ ልጆቹ ቤት ሲያጸዱ ይጥሉታል። አየር ወለዱም፣ መካኒኩም፣ ቦምብ ሲወርድ ከብቱን ይዞ ወደ ዋሻ የሸሸው አርብቶ አደርም አሁን ያሉበት ዕድሜ የታወቀ ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለመጻሕፍት የተመደበው ገንዘብ ለስድስት መጻሕፍት ይዋል፤ የፕራይስ፣ የሚድልብሩክ፣ የዡኖ፣ የዴል ቦካ፣ «የሀበሻ ጀብዱ» እና የራስ እምሩ። የቪቶሪዮ ሙሶሊኒ ከተገኘ ሰባተኛ ይሁን፤ ገንዘቡን እኔ አዋጣለሁ። በዚያው መደርደሪያ በታችኛው እርከን አንድ ባዶ ሣጥን ይቀመጥ። ማናችሁም በአየር ኃይል ያገለገለ አባት፣ አያት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ያላችሁ፣ በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የነገሯችሁን ጻፉ፤ የተናገረውን ሰው ማንነት፣ የተናገረበትን ቀንና ቦታ ከላይ አስፍሩ። በጦርነቱ ሥር የነበረ ዘመድ ያላችሁም እንዲሁ። የሁለቱ ቃል ካልተስማማ ለማስታረቅ አትድከሙ፤ ሁለቱንም በሣጥኑ ውስጥ አኑሩ።

ሣጥኑን ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ ከበሩ አጠገብ ነው ያለው። ባለ እርሳስ ማስታወሻውን መጽሐፍ እላዩ ላይ አኑሬዋለሁ፤ ጽሕፈቱን የሚያውቅ ሰው ካለ ከመውጣቱ በፊት ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።